ቲቶ ያስተማረው እምቢታ

ቲቶ ሀንዲሶ ከኢትዮጵያ ወጥቶ አያውቅም። ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ሰሜን የሄደውም አንድ ጊዜ፣ ለፈተና እርማት ተመርጦ ነው። ያም ሆኖ ሆሳዕና ውስጥ ስለ አሜሪካ የሚያውቅ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከባጃጅ ነጂው እስከ ቢሮ ኃላፊው ድረስ የሚጠሩት የእሱን ስም ነበር።

በሥራ ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎፈር ሜዳ አካባቢ፣ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ አዳራሽ «እንግሊዝኛ በአሜሪካ ባህል» የሚባል ኮርስ ይሰጣል። በዚህ ኮርስ ሰዋስው የለም። ሰዋስው የተማረ ሰው አገሩን ሞልቶታል፣ አፉን የሚከፍት ነው የጠፋው ይላል። እሱ የሚያስተምረው አሜሪካኖች እንዴት ሰላም እንደሚባባሉ፣ እንዴት እንደሚቀልዱ፣ እንዴት አይን እያዩ እንደሚነጋገሩ ነው። አጫጭር ልብ ወለዶቻቸውን ከኢንተርኔት እያወረደ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ያስነብባቸዋል። ከሁሉ በላይ የሚወደው ግን የቃላትን የዘር ሐረግ መተረክ ነው። «ቦስ» የምትለው ቃል ከሆላንዶች የመጣች መሆኗን፣ የድሮ አሜሪካ ሠራተኞች አሠሪያቸውን ጌታዬ ማለት ቢያስጠላቸው ትርጉሙ ያው ጌታ የሆነውን የሆላንዶችን ቃል ተውሰው ኩራታቸውን እንዳዳኑ ሲነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። «ናይስ» ማለት ዘሩ ከላቲን ነው፣ ድሮ «ምንም የማያውቅ» ማለት ነበር ያላቸው ዕለት ደግሞ ሚክያስ የሚባለው የባንክ ሠራተኛ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁን «ዩ አር ናይስ» እያለ ሲያመሰግን ከረመ፤ ሥራ አስኪያጁም ደስ ብሎት የዓመት ፈቃዱን በጠየቀው ጊዜ ፈረመለት።

ተማሪዎቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዶቹ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ የሚሰናዱ ወጣቶች ናቸው፤ የአሜሪካን ባህል በሚገባ ተምረው ጆሃንስበርግ ሄደው ሱቅ ይከፍታሉ። ሌሎቹ ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የበዙት የቢሮ ሰዎች ናቸው። አቢጋኤል ጠና ከነዚህኞቹ አንዷ ነበረች።

አቢጋኤል የሆመቾ ልጅ ናት። በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ሆና ትሠራለች። ችግሯ አንድ ነው፤ እምቢ ማለት አትችልም። የመዘምራኑን ልብስ አሰፊ ስትባል እሺ ትላለች። የባልደረባዋን ሪፖርት ጨርሺ ስትባል እሺ ትላለች። አክስቷ ወይዘሮ ወርቅነሽ ከአንጋጫ ስልክ ደውለው ይህንን ገዝተሽ ላኪልኝ፣ ያንን ጠይቀሽ ንገሪኝ ሲሏት ምሳዋን ትታ ትሮጣለች። ሃዋሳ ያለ አንድ ድርጅት ለሥራ በስልክ በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ያደረገላት ጊዜ ሞተር ሳይክል ትነጃለሽ ወይ አሏት፤ የስ አለች። ሲዳምኛ ትችያለሽ ወይ፤ የስ። የማትችዪው ነገር አለ ወይ ሲሏትም የስ አለች። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት ደግሞ በድንጋጤ አሁንም የስ አለችና ስልኩ በዚያው ተዘጋ። ወደ ቲቶ ክፍል የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። እንግሊዝኛዬ ነው የጎዳኝ ብላ አስባ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቲቶ ስለ ሁለት ጎረቤታሞች የሚተርክ አጭር ልብ ወለድ ይዞ መጣ። ገበሬዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን ፈረስህን ለዛሬ አውሰኝ ይለዋል። ያኛው ኖ ይለዋል። ከዚያ ሁለቱም አጥሩን ተደግፈው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ታሪኩ ይቀጥላል፣ ክፍሉ ግን እዚያው ላይ ቆመ።

ሚክያስ እጁን አወጣ። «ማን አስታረቃቸው?»

«አልተጣሉማ» አለ ቲቶ።

«ፈረሱን ለምን ከለከለው?»

«አይታወቅም። ደራሲው አልነገረንም። ጎረቤቱም አልጠየቀም።»

ይህ ነገር ለክፍሉ ከቃላት የዘር ሐረግ ሁሉ የበለጠ ከባድ ሆነበት። አንዲት ተማሪ ፈረሱ ታሞ መሆን አለበት አለች። ሌላው በሚቀጥለው ገጽ ይገዳደላሉ ብሎ ገመተ። ቲቶ ግን ጠመኔውን ይዞ በደስታ እየተንጎራደደ የአሜሪካ ባህል ማለት ይሄ ነው አላቸው። አሜሪካዊ እምቢ ሲል እምቢ ማለቱ ነው። እስኪ እናያለን አይልም፣ እግዚአብሔር ካለ ብሎ አያድበሰብስም፣ ምክንያት አይደረድርም። ካለ በኋላም አያኮርፍም፤ ስለ ዝናቡ ያወራል። የሚሰማውም ሰው አይከፋውም።

ይህን ሲያስተምር የራሱ ቤት ከፎንቆ በመጡ የወንድምና የአክስት ልጆች ተጨናንቆ ነበር። እሱ የሚተኛው ሳሎን ነው። አንዳቸውንም ቦታ የለኝም ብሎ አያውቅም።

አቢጋኤል ግን ትምህርቱን ከልቧ ወሰደችው። መጀመሪያ የሞከረችው አንጋጫ፣ አክስቷ ቤት ነው። ወይዘሮ ወርቅነሽ ቡላ በቅቤ አቅርበውላት በልታ ጠግባለች፤ ሲደግሙላት በላች፤ ሊሠልሱ ሲነሱ «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» አለች። ከዚያም ዘንድሮ በቆሎው እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። አክስቷ ማንኪያውን እንደያዙ ቀሩ። እሷ ከመሄዷ ሆመቾ ደውለው፣ ልጅቷን ምን ብበድላት ነው እህሌን የተጸየፈችው ብለው አለቀሱ። አባቷ አቶ ጠናም እሷው ጋ ደውለው ወንድሜ ቤት፣ እህቴ ቤት እየዞርሽ ታዋርጂኝ ጀመር ወይ ብለው ተቆጡ። ለቲቶ ስትነግረው የመጀመሪያው ጊዜ ሁልጊዜም ከባድ ነው አላት፤ ከየት እንዳወቀው ግን እሱም አያውቅም።

ሁለተኛውን የሞከረችው ቢሮ ነው። አለቃዋ አቶ ተክለጊዮርጊስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በርቀት ይማሩ ነበር። የቤት ሥራቸውን ለእሷ መስጠት ልማዳቸው ነው። በዚያ ሰሞን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ምዕራፍ ሁለት ይዘው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡና እስከ ሐሙስ ጨርሺልኝ አሏት። አቢጋኤል «ይቅርታ አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ አልሠራውም» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ዛሬ ዝናቡ ቶሎ የሚያባራ ይመስልዎታል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

አቶ ተክለጊዮርጊስ መስኮቱን አዩ። ሊያባራ ይችላል አሉ። ወረቀታቸውንም ይዘው ወጡ።

ቢሯቸው ገብተው በሩን ዘጉና ማሰብ ጀመሩ። ይህች ልጅ ምክንያት እንኳ ሳታቀርብ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ ይባስ ብላ ስለ ዝናብ እያወራች እምቢ ልትላቸው የቻለችው አንድ ነገር ቢኖር ነው። ሰው አላት። ክልል ላይ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ሰው አላት። ሲያጣሩ ምንም አላገኙም፤ አለማግኘታቸውም ይበልጥ አስፈራቸው፤ እንዲህ የተደበቀ ሰው ትልቅ ሰው መሆን አለበት። ብዙም ሳይቆይ የቡድን መሪነቱ ቦታ ክፍት ሆነና አቢጋኤል ተመደበች። የምደባውን ደብዳቤ የሰጧት ራሳቸው አቶ ተክለጊዮርጊስ ናቸው። በዚያው ለሚመለከታቸው ሰላምታዬን አድርሺልኝ አሏት። አቢጋኤል ሚኒስትሩን ይሁን አክስቷን ይሁን የሚሉት ባይገባትም አደርሳለሁ አለች።

ወሬው በከተማው ተዳረሰ። ቲቶ ሀንዲሶ ጋ የተማረ ይሾማል ተባለ። አዳራሹ ጠበበ፤ ሰው በመስኮት በኩል ቆሞ መከታተል ጀመረ። ቲቶም በየቅዳሜው ለአዲስ ገቢዎቹ የአቢጋኤልን ታሪክ ይነግራል። እንዴት ተነፈሰች፣ እንዴት አይኗን አልሰበረችም፣ እንዴት ስለ ዝናቡ ጠየቀች። እሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። መጀመሪያ የሚተርከው ለማስተማር ነበር። እየዋለ እያደረ ግን መተረኩን ለራሱ እየወደደው መጣ፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ይቸኩላል፤ እሷ የቀረች ዕለት ታሪኩ አይመጣለትም። ምን እንደሆነ የገባው፣ ትንሽ ዘግይቶ ነው።

ለሌላ ሰው ቢሆን ምክሩ ዝግጁ ነበር። አሜሪካዊ የወደዳትን ሴት ራሱ ቡና ይጋብዛታል፣ አይኗን እያየ ይነግራታል። ይህንንም አስተምሯል፤ ልብሱን አስተካክሎ፣ ወንበር ስቦ በተግባር አሳይቷል። እሱ ግን ሰኞ ጠዋት ተነስቶ ጋሽ ተገኘ ቤት ሄደ።

ጋሽ ተገኘ በቤተ ክርስቲያኑ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ያስታረቁትና ያጋቡት ሰው ልጆቹን ይዞ በበዓል ሰላም ሊላቸው ሲመጣ ቤታቸው አይበቃም። ቲቶ ነገሩን ሲነግራቸው እስከ ዛሬ የት ነበርክ ብለው ደስ አላቸው። ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ሆመቾ ወረዱ። አቶ ጠና በክብር ተቀበሏቸው። አስተማሪ ነው፣ አማኝ ነው፣ የታወቀ ነው ሲባሉ ፊታቸው በራ፤ ግን ወጉ እንደሚያዘው ዘመድ ላማክር፣ ልጅቷንም ልጠይቅ ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አቢጋኤል ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀች። ቲቶ ሰሌዳውን እያጠፋ ነበር።

«ቲቸር፣ ሽማግሌ እንደላክህ አባቴ ነግሮኛል። አመሰግናለሁ። ግን አይሆንም።»

ቲቶ ዳስተሩን እንደያዘ ቀሪውን ጠበቀ። ቀሪ አልነበረም። አይኗን አልሰበረችም። ድምጿ ቁጣ የለበትም፣ ይቅርታም የለበትም። እንደ አስተማሪ ካየው አንዲት ነጥብ የሚቀነስበት አይደለም።

«ሽማግሌዎቹ መንገዱ እንዴት ነበር አሉ?» አለችው። «ሆመቾ ሰሞኑን ጭቃ ነው።»

«ጭቃ ነበር ብለዋል» አለ ቲቶ።

እሷ ከሄደች በኋላ የጠፋውን ሰሌዳ እንደገና አጠፋው። የሚሰማው ሰው አይከፋውም ብሎ ስንት ሰው እንዳስተማረ ትዝ አለው።

ለጋሽ ተገኘ ሲነግራቸው ግን ሽማግሌው እንደ ምሥራች ሰሙት። እምቢ አለች? እሰይ አሉ። ወዲያው እሺ ብትል ነበር የምትሠጋው፣ የጨዋ ልጅ መሆኗን አሳየች። የራሳቸው ባለቤት ዓመት ሙሉ እምቢ ስትል እንደከረመች፣ ዛሬ ግን የልጅ ልጅ እያሳደጉ መሆናቸውን ነገሩት። ቲቶ ይሄኛው እምቢታ ሌላ ነው፣ የአሜሪካ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ ያስተማርኳት ቢላቸው ጋሽ ተገኘ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። የሆመቾ ልጅ አሜሪካን ከየት ታመጣለች ብለው ሳቁ። በዚህም ቲቶ ከሆሳዕና እስከ ሆመቾ ድረስ የአቢጋኤልን እምቢታ የሚያምን ብቸኛው ሰው ሆኖ ቀረ።

በዚህ መሃል አሜሪካዊቷ መጣች።

ሚስ ካሮል ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ቡድን ጋር የሕፃናት ትምህርት ቤት ቀለም ልትቀባ መጥታ ነው። ቲቶ ኮርሱን ከጀመረ አንስቶ አንድ እውነተኛ አሜሪካዊ ለክፍሉ ለማሳየት ይመኝ ነበርና ቅዳሜ እንድትመጣለት ለመናት። በጣም ደስ ይለኛል አለችው። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። አቢጋኤልም መጣች፤ ቲቶን እምቢ ካለችበት ቀን በኋላም ቢሆን አንድ ቅዳሜ አልቀረችም ነበር።

ሚስ ካሮል ስለ ከተማዋ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ውሻዋ አወራች። ተማሪዎቹ የቻሉትን ያህል ተከታተሉ። በመጨረሻ ሚክያስ ተነስቶ፣ ክፍሉን ወክሎ አንድ ነገር እንድታሳያቸው ጠየቃት። አሜሪካኖች እንዴት ኖ እንደሚሉ ከራሷ አንደበት መስማት ይፈልጋሉ።

ሚስ ካሮል ጥያቄው አልገባትም። ቲቶ አብራራላት። ያኔ ፊቷ ቀላ፤ ሳቀችም። እንዲህ ዓይነት ሰው ኒው ዮርክ አካባቢ ይኖር እንደሆነ እንጃ፣ እሷ ባደገችበት አገር ግን ማንም ማንንም ፊት ለፊት ኖ አይልም አለች። ኖ ማለት ነውር ነው። ሰው ሲጠይቅሽ ሐሳቡ ግሩም ነው ትያለሽ፣ ትንሽ ላስብበት ትያለሽ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ትያለሽ፤ ከዚያ እንዲረሳልሽ ትጸልያለሽ። ታዲያ ኢትዮጵያ እንዴት መጣሽ ብሎ ሚክያስ ጠየቃት። የቤተ ክርስቲያኗ ኮሚቴ ማን ይሂድ ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ዞረው እሷን አዩ። የአውሮፕላን ጉዞ ትፈራለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ቀለም ቀብታም አታውቅም።

«ግን ኖ ማለት አልቻልኩም» አለች።

ቲቶ አጠገቧ ቆሞ ይህን ሁሉ ለተማሪዎቹ ወደ አማርኛ ሲመልስ ላቡ በጀርባው ይወርድ ነበር። አንዲት ቃል አልዘለለም፣ አላለዘበም። ሚስ ካሮል የክፍሉን ዝምታ ስታይ አዘነችለት መሰለኝ፣ ልታጽናናው ብላ ወደ ተማሪዎቹ ዞረችና አስተማሪያችሁ በጣም ናይስ ሰው ነው አለቻቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ለምን እንደሚሳቅ ባይገባትም አብራ ሳቀች።

ሰው ሲበተን ቲቶ አቢጋኤልን በር ላይ ደረሰባት። የሚስ ካሮል ነገር አሳፍሮታል፤ ግን ደግሞ ከሐፍረቱ ሥር አንዲት ትንሽ ተስፋ ስትንቀሳቀስ ይሰማው ነበር። ትምህርቱ ስህተት ከሆነ፣ በትምህርቱ የተባለውም ነገር እንደገና ሊታይ ይችላል።

«ሰምተሻል አይደል? ያስተማርኳችሁ ነገር በአገሩም የለም።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ ያኔ ያልሽኝም…»

አቢጋኤል አላስጨረሰችውም። «ቲቸር፣ ቃሉን አንተ ከየትም አምጣው። ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቆም ብላ አየችው፤ የተቆጣች አትመስልም። ደህና ሁን ብላው ወደ አስፋልቱ ወጣች።

ቲቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ ተማሪዎች ሰላም ሲሉት አልሰማቸውም። እሷ በምትለው ነገር ውስጥ መግቢያ ቀዳዳ ሲፈልግ መቆየቱ፣ ጋሽ ተገኘ ከሚያደርጉት የተለየ አለመሆኑ ገብቶት አፈረ። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጋሽ ተገኘን ይዞ ሁለተኛ ሆመቾ እንዳይሄዱ ለመናቸው። ጋሽ ተገኘ ጓደኞቻቸውን በዓይን ጠቀሱ። ዓይናፋር ነው አሉ። በቀጠሮው ቀንም ሄዱ።

ሆመቾ ላይ ደግሞ አቢጋኤል ለአባቷ እምቢታዋን በሀዲይኛም በአማርኛም ነግራቸው ነበር። አቶ ጠና ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ በኩራት አስረዱ። ልጄ እምቢ ብላለች አሉ። ጋሽ ተገኘም የኛውም ልጅ አትሂዱብኝ እያለ ነው አሉ። ሁለቱም ወገን ተያይተው ሳቁ። ሁለቱም እምቢ ብለዋል፤ ሁለቱም ጨዋ ናቸው፤ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ጥንድ ከየት ይመጣል ተባለና ቀለበት የሚታሠርበት ቀን ተቆረጠ።

ቲቶ ይህን ሲሰማ ምሳ ሊበላ እጁን እየታጠበ ነበር። ሳይበላ ወጣና የሆመቾ ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን አሰበ። ልጅዎ አትፈልገኝም ቢላቸው ትለምደዋለች ይሉታል። ትንሽ እንቆይ ቢል ቀን ያራዝሙለታል። እሷ የምትለውን የሚሰማ ሰው ከሌለ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእሱ ቃል። እሱ ደግሞ በሕይወቱ ማንንም እምቢ ብሎ አያውቅም። የመጀመሪያውን እምቢ የሚለው ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገውን ነገር ነው።

አቶ ጠና ጓሮ እንሰት ሲኮተኩቱ አገኛቸው። አማቻቸው የመጣ መስሏቸው እጃቸውን በሣር ጠርገው ሊያቅፉት ቀረቡ።

«አባባ» አለ ቲቶ፣ «ልጅዎን አላገባም።»

አቶ ጠና ቆሙ። «ምን አልክ?»

«አላገባትም። ሽማግሌዎቹን ያስቸገርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ልጄ ምን ጎደላት?»

«ምንም አልጎደላትም።»

«ታዲያ?»

ቲቶ ምክንያቱን ቢያወጣ እምቢታውን እንደሚያፈርሰው ያውቃል። ስለ ዝናብ ለመጠየቅም ድፍረቱ አልነበረውም። አቶ ጠና በጣታቸው የአጥሩን በር አሳዩት። ውኃ ጠጣ እንኳ አላሉትም።

የሆነው ሁሉ በሳምንት ውስጥ ፎንቆም አንጋጫም ደረሰ። ጋሽ ተገኘ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቲቶ በተቀመጠበት በኩል መቀመጥ ተዉ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ያኔም ቡላዬን ስትተው የሆነ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እናቶች ሲያልፍ ይጠቃቀሳሉ። ቀለበት ሊያስር ሲል ጥሏት የሄደ ተባለ። የክፍሉ ሰው ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም አንዳንድ አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ራሳቸው እያመጡ ያስመዘግቡ ጀመር። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም።

ያልተጠበቀው ነገር የሆነው አቶ ጠና ላይ ነው። ውርደቱ እጅግ ቢያማቸው ከእንግዲህ ሽማግሌ የሚባል ፍጥረት አጥሬን አያልፍም ብለው ማሉ። ከዱራሜ የመጡ የተከበሩ ሰዎችን ገና ከበር መለሱ። ልጄን የሚፈልግ ከራሷ ይነጋገር፣ እኔ ሁለተኛ አልሰደብም አሉ። አቢጋኤል ከልጅነቷ ጀምሮ ስትለምነው የኖረችውን ነገር አባቷ በንዴት ሰጧት።

ይህን ለቲቶ የነገረችው እሷ ራሷ ናት። ደውላ ማኪያቶ ልጋብዝህ አለችውና ከመናኸሪያው ማዶ ካለ ካፌ ተቀመጡ። የአባቷን ነገር ስትተርክለት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ እሷ ስኒዋን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምን ራስህ አልጠየቅከኝም?»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ» አለ።

«እምቢ እልህ ነበር። ግን ብትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

አስተናጋጇ መጥታ የሚጨመር ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው። አቢጋኤል የለም አለች፤ ከዚያ ከቦርሳዋ ስልኳን አውጥታ ሃዋሳ ካለው ድርጅት የመጣውን መልእክት አሳየችው። እንደገና አመልክታ ነበር። በዚህኛው ቃለ መጠይቅ ሞተር ሳይክል ትነጃለሽ ሲሏት አልነዳም ብላለች፤ ሲዳምኛም አልችልም ብላለች። ተቀጥራለች። ሞተሩን እዚያው ያስተምሯታል።

ኅዳር ውስጥ ሄደች። በሚያዝያ ቲቶ ለአስተማሪዎች ሥልጠና ሃዋሳ ወረደና ደወለላት። ሐይቁ ዳር ተገናኝተው ዓሣ በሉ፤ ከዚያ በውኃው ጥግ ብዙ ሄዱ። ቲቶ ዙሪያውን ሰው ሞልቶ ስለነበር ሌላው እንዳይሰማው በሀዲይኛ ጠየቃት። ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ አይኗን እያየ። አቢጋኤል ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ እጁንም ያዘችለት። አይሆንም አለችው። በዚህ ጊዜ ምክንያቷን ነገረችው፤ እሱ ግን ለማንም አልተናገረም። በሞተሯ እስከ መናኸሪያ ሸኘችው፤ አነዳዷ በጣም ያስፈራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩትን የዘመድ ልጆች ሰብስቦ ለሁለቱ ሥራ አፈላለገላቸው፣ አንዱን ፎንቆ መለሰው። አልጋ ገዝቶ የራሱን ክፍል ያዘ። ኮርሱ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ አለ። የኮርሱን ስም ግን አልቀየረም፤ ሚክያስ ስሙ ስህተት መሆኑን ሲያስታውሰው ባነሩ ገና አዲስ ነው ይላል።

ሆሳዕና ውስጥ ስለዚህ ነገር ሲወራ አሁንም ድረስ የሚባለው አንድ ነው። ቲቶ ሀንዲሶ የቡድን መሪ የሆነች፣ ሃዋሳ ድርጅት የገባች፣ የጨዋ ልጅን እምቢ ያለ ሰው ነው። በምን ቢተማመን ነው እያሉ ይገረማሉ። ትምህርት ቤቱም እንዲህ የቆረጠ ሰው ያስፈልጋል ብሎ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎታል። አቢጋኤል ለበዓል ወደ ሆመቾ ስትመጣ ሴቶች ከንፈራቸውን እየመጠጡ ያጽናኗታል። እሷም አመሰግናለሁ ትላለች፤ አታስተባብልም።